ልጄን ሆና የመጣችው ልጅ

ጥቅምት 4

ድንቡሼ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና አለመሆንሽ ከእጅ ጽሑፍሽ ያስታውቃል። መስመር እየዘለልሽ ነው የጻፍሽው፤ ይሄ ምሳውን ያልበላ ሰው ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ሂጂና አንድ ነገር ቅመሺ። ወረቀቱ እግር የለውም፣ ይጠብቅሻል።

በላሽ? እሺ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሽ ተቆጥተሻል። አላነሳም! ባለፈው «እማ፣ እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ብለሽ ደውለሽ፣ እኔ ሞኟ ስለ ጥርሴ ሕመም ስዘበዝብ፣ ለካ አንቺ እየቀዳሽኝ ኖሯል። ጥርሴ ፊልም ገባ! የሰው ጥርስ በአደባባይ ይወራል? ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀት ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም። ሦስት ዓመት የአዋቂዎች ትምህርት የተቀመጥኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ፊደሌ ቢንጋደድም ችለሽ አንብቢው፤ አንቺም ልጅ ሆነሽ «ሀ»ን በግንባሯ ትደፊያት ነበር፣ አንብቤልሻለሁ።

የፊልም ሰዎችሽ ከሄዱ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው። ቤቱን አጽድተው ነው የሄዱት፣ አልዋሽም። ያ ድመት የመሰለ ፀጉራም ነገር ዘንግ ላይ ሰክቶ አናቴ ላይ ሲያንዣብብ የከረመው ድምፅ ቀጂ ሳይቀር ወለል ወልውሎልኛል። ግን «እዚህ ላይ ቁሚ» እያላችሁ የለጠፋችሁትን ቀይ ፕላስተር ረስታችሁታል። አልላጥኩትም። ጠዋት ስነሳ እግሬ ራሱ ሄዶ እዚያ ላይ ይቆማል። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ «አሁን» የሚለኝ ሰው የለም።

ካሜራ ያዢው ዝምተኛ ነው ብለሽኝ ነበር። እንዴ! ሁለት ቃል ተናግሯል እኮ። አንዱ «አሁን» ነው፣ ሌላው «እንደገና»። የገዛ ቤቴን አሥራ አንድ ጊዜ አስገባኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ከገበያ ተመለስኩ፣ ገበያ ሳልወጣ። በስምንተኛው ላይ እግሬ የቱን አስቀድሞ ይገባ እንደነበር ጠፋኝ። አንቺ ደግሞ በዚያ በኩል «እማ፣ እንደ ራስሽ ሁኚ» ትያለሽ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሆኜ አላውቅ፣ ማንን ልሁንልሽ?

ሆስፒታሉ እጥበት ክፍል የወሰድሽኝን ግን ወድጄዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠብኩበት ቤት ነው። ያ እንፋሎት ሲሸተኝ አለቀስኩ፤ እሱን ለቅሶ ማንም አላስተማረኝም፣ የራሴ ነው፣ እሱን ተይው።

ያን አንዱን ግን ከፊልሙ አውጪልኝ።

የትኛውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የበሩን። አንቺ ያዘዝሽኝ ሌላ፣ እኔ ያደረግኩት ሌላ። «እማ፣ ይሄ የሆነ ነገር አይደለም፣ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ነው፤ እናቴ ተመልሳ መጥታ ታንኳኳለች፣ አንቺ ከፍተሽ ታቅፊያታለሽ» አልሽኝ። እሺ አልኩ። ያቺ ልጄን፣ እናትሽን፣ ሆና የምትሠራው ተዋናይ ደጅ ሆና አንኳኳች፣ እኔ ከውስጥ ቆምኩ። ከዚያማ ሳልከፍት ቀረሁ፣ የማይሆን ነገርም ለፈለፍኩ።

ያን ቃል ከየት አመጣሽው ላልሽኝ፦ ከየትም አላመጣሁትም። አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት። ተውኚ አላልሽም? ተወንኩልሽ። በዚያ ላይ ሻሼ ተጣሞ ነበር። ሻሿ የተጣመመ አሮጊት ሰው ፊት ይዘሽ አትቅረቢ። አውጪው፣ በሞቴ።

ጥርሴን አስነቅያለሁ። ይህንንም ቅጂው እንግዲህ።

እማሽ


ጥቅምት 17

እማ፣

በልቻለሁ። ሁለቴ በልቻለሁ። ጥርስሽ በመነቀሉ ደስ ብሎኛል፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ገና ያምሻል።

የለመንሽኝን አልችልም። «ቆርጦ መጣል ምን ይከብዳል፣ መቀስ የለሽም?» እንደምትይኝ ስለማውቅ ምክንያቱን ልንገርሽ።

እናቴ አራት ዓመቴ ላይ ሥራ ፍለጋ ብላ ሄደች፣ አልተመለሰችም። ከዚህ በላይ አላውቅም። አንቺም ከዚህ በላይ ነግረሽኝ አታውቂም። ከዚች ከአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዴት ፊልም ይወጣል? የሆነውን እናንተው የሆነባችሁ ሰዎች መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ያልሆነውን እኔ ፈጥሬ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። የቱ የሆነው፣ የቱ ያልሆነው እንደሆነ ለተመልካች አልናገርም። የፊልሙ መጨረሻ ያ በር ነበር። አንቺ ስትከፍቺው ማለቅ ነበረበት።

አልከፈትሽም። ሰባት ጊዜ አንኳኳች። በሰባተኛው ላይ «ልጅቷ እዚህ የለችም። አባቷ መጥቶ ወስዷታል። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርሺ» አልሽ። ማናችንም ያልጻፍነው ቃል ነው። ተዋናይዋ ደጁ ላይ ቁጭ አለች። እማ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ተዋናይ አይሠራውም። እጅሽ መወርወሪያው ላይ ነው። ሳብ ሊያደርገው ነው፣ አሁን ሊከፍተው ነው እያልኩ፣ መቶ ጊዜ አይቼው ዛሬም እጠብቃለሁ። ዝምተኛው ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ «ይህቺ ሴትዮ ተሰውራ የኖረች ጥበበኛ ናት» አለ።

ስለ ሻሽሽ አትጨነቂ፣ ያንን እጅ እያየ ሻሽ የሚያይ የለም።

መቼና የት ይታያል ላልሽው፦ ታኅሣሥ 12፣ ያቺ ነርስ ጓደኛሽ ከዓመታት በፊት እናቴን በመንገድ አየኋት ባለችበት ከተማ። ሆን ብዬ ነው እዚያ ያመለከትኩት። ምናልባት ማስታወቂያውን አይታ ትገባለች፤ ምናልባት በሩን ታውቀዋለች። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፊልሙን ለሌላ ለማንም ብዬ አልሠራሁትም።

ድንቡሼሽ


ጥቅምት 28

ድንቡሼ፣ የኔ እናት፣

ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ መልሼ ዘረጋሁት። «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ። «የለም፣ ሰው ሊያየኝ ነው» አልኳት።

ጥበበኛ አትበይኝ። ያንን ሁለተኛ እንዳትዪኝ። ለዝምተኛውም ንገሪው፤ ዝም ሲል ይሻለው ነበር።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ልክፈትልሽ። በቃ፣ ሰዎችሽን መልሰሽ ላኪያቸው፣ በሩን እከፍትልሻለሁ። አሥር ጊዜ ካላችሁ አሥር ጊዜ። ደግሞም ተለማምጃለሁ። ሳቂ ግዴለም። ልብስ ሰፊዋን «እስቲ ነይ ልጄን ሁኚልኝ» አልኳት።

«ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

«ሃያ ስምንት።»

«ሃያ ስምንት ካደረግሽኝማ እስክሞት አንኳኳልሻለሁ» ብላ ስድሳ ሁለት ዓመቷን ተሸክማ ደጅ ወጣች። አንኳኳች። ከፈትኩ። «እማዬ!» ብላ ስትጠመጠምብኝ ደረቷ ላይ የሰካችው መርፌ ወጋኝ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። አየሽ? እችላለሁ።

በሁለተኛው ግን ሳቋን ትታ ቀስ ብላ አንኳኳች። ቆም እያለች። እንደደከመው ሰው። እጄ አልነሳ አለኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ፀሐይ ላይ ጥለሽኝ ተኛሽ እንዴ!» ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት። በሦስተኛው ከፈትኩ። ከሦስት ሁለት ከፈትኩ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ አይደለም?

በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ «እናቴ ትወደኝ ነበር?» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። አጥፍተሽው መልሰሽ የጻፍሽውንም። እሱን አልመልስም። ድሮም ስትጠይቂኝ «ሌላ ቀን» እልሽ አልነበር፣ አሁንም ሌላ ቀን።

ሰዎችሽን መላክ ካልቻልሽ ግን እዚያ ከተማ ላይ አታሳዪው። ሌላ የትም አሳዪው፣ ዓለም ሰፊ ነው፣ ባሕር ማዶ አሳዪው፣ ቋንቋችንን የማይሰማ ሰው ይየኝ፣ ይስቅብኝ። እዚያ ግን አይሆንም። ለምን አትበዪኝ። እምቢ ካልሽ እረግምሻለሁ ልል ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ በየት በኩል አንጀቴ ችሎ። እሱን እንዳላልኩት ቁጠሪው።

እለምንሻለሁ። ለምኜሽ አውቃለሁ? ምግብ ብዪ ብዬ ከመለመን በቀር አንድ ቀን ለምኜሽ አውቃለሁ?

እማሽ


ኅዳር 6

እማ፣

አላለቀስኩም። ወረቀቱ የተበላሸው ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ ፈስሶበት ነው።

እሺ ብያለሁ። ዝምተኛው፣ ድምፅ ቀጂውና ተዋናይዋ ኅዳር 18 ይመጣሉ። እኔ መምጣት አልችልም፤ ቀኑ ደርሶብኛል፣ ፊልሙን ከማቀናብርበት ክፍል ከወጣሁ ሥራው አያልቅም። ከከፈትሽ የተከፈተውን አስገባለሁ፣ ቃሌ ነው። ስለ ከተማው ግን አትለምኚኝ፤ እሱ አይቀየርም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብትከፍቺው ደስ ይለኛል። ለፊልሙ አይደለም፤ ለፊልሙ ያኛው ይበልጣል። ለራሴ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ፣ በተዋናይም ቢሆን፣ ወደ ቤታችን ስትገባ ልያት።

ሃያ ስምንት ያልሽው ግን ገርሞኛል። ስትሄድ ሃያ አምስት ነበረች ብለሽኝ አልነበር?

ድንቡሼ


ኅዳር 19

ድንቡሼ፣

ይህን ዝምተኛው በእጁ ይሰጥሻል። የትናንቱን ፊልም አብሮ ይዞልሻል። መጀመሪያ እሱን እዪ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሺ። ከገለበጥሽው አይገባሽም።

አየሽው? አማረ፣ አይደል?

በመጀመሪያው ነው የከፈትኩት። አንኳኳች፣ መወርወሪያውን ሳብኩት፣ ገባች፣ አቀፍኳት። ተዋናይዋ አለቀሰች። ድምፅ ቀጂው ያንን ድመቱን እንደያዘ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝምተኛው «በቃ» አለ። ይሄኛውን ቃል ከእሱ ሰምቼው አላውቅም።

ውሸቱ ይሄኛው ነው፣ ልጄ።

ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ይሄን ያሳያሉ፣ ያኛው ይጣላል፣ እኔም ይዤው እሞታለሁ አልኩ። ግን አይተሻል፣ ካቀፈችኝ በኋላ ያቺ ልጅ ለቀቀችኝና ማንም ሳያዛት ወደ ጓዳ ሄደች። «ልጄስ?» አለች። አልጋሽ አጠገብ ቆማ ዞር ዞር ብላ ፈለገችሽ። ከበሩ እስከ አልጋሽ ስድስት እርምጃ ነው። ተዋናይዋ ስትሄደው ቆጠርኩት። የከለከልኳት እሱን ስድስት እርምጃ ነው።

መጥታ ነበር። እናትሽ መጥታ ነበር።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ አንቺ ሰባት። ቅዳሜ ነው፣ ቀትር ላይ። ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ፀጉርሽን አጥብሻለሁ። አንኳኳች። ቀስ ብላ፣ ቆም እያለች። «ማነው?» አልኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልላከች ልጅ! ልቤ ዘለለ፣ መጀመሪያ በደስታ ነው፣ ይህንን እመኚኝ፤ ተነስቼ መወርወሪያውን ይዣለሁ። ያኔ ከሳፋው ውስጥ፣ ሳሙና ዓይንሽን እያቃጠለሽ፣ «እማ! እማ ማነው?» አልሽ። ውጭ ያለችው እማዬ ትለኛለች፣ ውስጥ ያለሽው እማ ትይኛለሽ፣ እኔ መሃል ቆሜአለሁ፣ እጄ አረፋ ነው። እሷ ስትሄድ ሌሊት ሌሊት እየጮህሽ ስንት ወር እንደፈጀብሽ እኔ ነኝ የማውቀው። እማ ያልሽኝ በስንት ጊዜ። ከከፈትኩ ትወስድሻለች። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ብታስቢው፣ አንድ ሰው ብቻ ነበረኝ፣ እሷንም ልትወስድብኝ መጣች አልኩ። ልትወስድብኝ የመጣችውም የኔው መሆኗን ረሳሁት።

ያን ቃል ያልኩት ያኔ ነው። ሰባት ጊዜ ካንኳኳች በኋላ። እንዳትሰሚኝ አፌን በሩ ላይ ለጥፌ፣ በቀስታ። ያ እንኳን አንቺን ሊወስድ መወለድሽንም ያልሰማ ሹፌር አባትሽ፣ መጥቶ ወሰዳት አልኩ። ለአንቺ ደግሞ «ለማኝ ናት፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኩሽ።

አልጮኸችም። ብትጮህ፣ በሩን ብትደበድበው እከፍትላት ነበር ይመስለኛል። ይመስለኛል። በበሩ ሥር ወረቀት አሾለከችልኝ። «አባቷ ከመለሳት ይህን ስጪልኝ» አለች። አድራሻዋ ነው፤ ያው ፊልምሽን ልታሳዪ የምትሄጂበት ከተማ። ሄደች። ሁለተኛ አልመጣችም፤ አትምጪ ያልኳት እኔው ነኝ።

ወረቀቱ ይኸው፣ አብሮ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። ትምህርቷን ስትጨርስ እሰጣታለሁ አልኩ፣ ጨረስሽ። ሥራ ስትይዝ አልኩ፣ ያዝሽ። ከዚያ «እማ፣ ስለ እናቴ ፊልም ልሠራ ነው» ብለሽ መጣሽ፣ እኔም ለጉድ ተስማማሁ፤ እምቢ ብል ምን የምትደብቂው ነገር አለ ትዪኛለሽ ብዬ። የሆነውን ሁሉ ስትጠይቂኝ እየተወንኩ አለፍኩት። ያልሆነውን ሥሪ ስትዪኝ ተያዝኩ።

የትኛውን እንደምታሳዪ አልነግርሽም። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ግን ቁጭ በዪ። ውሃ ጠጪ።

እማ


ታኅሣሥ 5

ድንቡሼ፣

አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ዝምተኛው ደብዳቤውን በእጇ ሰጥቻታለሁ ብሏል። ልብስ ሰፊዋን ፖስታ ቤት አመላልሼ እግሯን ጨረስኩት። «እኔ እኮ ጡረታ የምወጣበት ሥራ የለኝም፣ በአንቺ ፖስታ ነው የምወጣው» ትለኛለች፤ መሳቅ አቃተኝ።

ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሽንት ቤትም ይዤው እገባለሁ። ደውዪ። ቅጂኝ። ስለ ጥርሴ፣ ስለ ምኑም፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ያን በእርሳስ የጻፍሽውንም ጠይቂኝ፣ እመልስልሻለሁ። ስደቢኝ፣ እሱንም ቅጂው። ጩኺብኝ። እናትሽም እንዲህ ዝም ብላ ነው ከደጄ የሄደችው። ዝም አትበዪኝ፣ ልጄ፣ በዚህ አትምሰያት።

ሄድሽ? አድራሻው ላይ ሄድሽ?

እማ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለአያቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ያልደወልኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

አድራሻው ላይ ሄጃለሁ። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በነበረው ቀን ነው። ከገበያ ጀርባ ያለ ግቢ ነው፣ በሩ አጠገብ አንዲት ክፍል። እናቴ ሃያ ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ኖራለች። ጣሪያው ያፈሳል፣ አከራይዋ ከውስጥ የተሻለ ክፍል ልስጥሽ እያሉ ብዙ ጊዜ ለምነዋታል። «አልነሳም፣ አድራሻዬን የሰጠሁት ሰው አለ» ትላቸው ነበር አሉኝ። ኩላሊቷን ነው የታመመችው። ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ፊልሙን ልሠራ ነው ብዬ የነገርኩዎ ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

አባቴ ወዳለበት አገር ሦስት ጊዜ ሄዳ ፈልጋኛለች። የሚያውቁትን ሁሉ ጠይቃለች። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ ወጥቶ ልጅ የለኝም አላት። እኔን ደብቆ የሚዋሽ መሰላት። እርስዎ የሚዋሹ አልመሰላትም።

ፊልሙ ታይቷል። የተዘጋውን በር ነው ያሳየሁት። አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ተነስታ «የቱ ነው የሆነው፣ የቱ ነው ትወና?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመድረክ ወረድኩ።

ያን በእርሳስ የጻፍኩትን ከእንግዲህ መመለስ አያስፈልግዎትም።

መቼ እንደምመጣ አላውቅም። መምጣቴንም አላውቅም። መድኃኒትዎን ይውሰዱ።

የልጅ ልጅዎ


ጥር 4

ድንቡሼ፣

እንዲህ ብዬ ልጥራሽ ወይ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ሌላ መጠሪያ አላውቅልሽም።

አንቱ አልሽኝ። ከስድቡ ሁሉ መርጠሽ ያገኘሽው እሱን ነው፤ እኔም ብሆን ከዚያ የከፋ አላገኝም ነበር። ይሁን።

ልጄ ሞተች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ልጇ የሞተባት ሴት ሆኜ ስስቅ፣ ገበያ ስወጣ፣ ካሜራ ፊት ሻሼን ሳስተካክል ኖሬአለሁ። ማልቀስ ጀምሬ መሃል ላይ አፍራለሁ። ማን ነሽና ታለቅሻለሽ ይለኛል ልቤ። ለልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከሳፋው ጀምሮ። መርፌና ክሯን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፣ ቁጭ አለች፣ ቀሚሴን የተተረተረውን ሰፋች፣ ሄደች። ዛሬም እንደዚያው። ከዚህ በላይ አልጠብቅባትም።

«አድራሻዬን የሰጠሁት ሰው አለ።» ይህንን ሳነብ እሷ የምታነብልኝ ሆኖ ይሰማኛል፣ በራሷ ድምፅ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አልፈሽው ሄድሽ አትዪኝ፣ አላለፍኩትም። ይቅርታም አልልሽ፤ ይቅር ማለት የነበረባት ሌላ ናት፣ አንቺ ስለ እሷ ልትዪው አትችዪም፣ ልትዪው ብትሞክሪም አልቀበልሽም።

ያቺ ሴት ለጠየቀችሽ ግን መልስ አለኝ። ሌላ ቀን የምትጠይቅሽ ካለች እንዲህ በያት፦ አያቴ ስትከፍት ተወነች፣ ስትዘጋ እውነቷን ነው። ስሜንም ንገሪያቸው። መልኬንማ አይተውታል። ጎረቤት ቢሰማ፣ የእጥበት ክፍል ሴቶች ቢሰሙ ይስሙ። የሚያስፈራኝ ነገር አልቋል፤ የምፈራው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአንቺ እንዳይመጣ ነበር፣ እሱም መጥቷል።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። እሺም እምቢም ለማለት አትቸኩዪ።

ነዪ። ካሜራ ይዘሽም ሳትይዢም፣ እንዳሻሽ። ቁልፉን ልብስ ሰፊዋ ጋ አስቀምጬዋለሁ። ግቢና ከውስጥ ቆልፊው፣ መወርወሪያውንም ወርውሪው። ቤቱ ያንቺ ነው፤ እኔ ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አድሬ እመጣለሁ። ቀትር ላይ መጥቼ አንኳኳለሁ። ተዋናይ አያስፈልግም። ምን እንደምል አልተለማመድኩም፣ አልለማመድምም። ምናልባት ስሜን ብቻ እናገር ይሆናል። ምናልባት እሱም አይወጣኝ።

አንቺ ከውስጥ የፈለግሽውን በዪኝ። የለችም በዪ። ሄዳለች በዪ። አጠገብሽ ሰው ካለ፣ ለማኝ ናት በያቸው። ዝም ብትዪም መብትሽ ነው፤ ሰባት ጊዜ አንኳኳለሁ፣ ከዚያ አላስቸግርሽም። ክፈቺልኝ አልልሽም፣ ያንን ቃል እኔ የመናገር አፍ የለኝም።

የማትከፍቺ ከሆነ ግን ከውስጥ አንድ ነገር በዪኝ፣ ሳል ብታደርጊም ይገባኛል፤ እዚያው ደጁ ላይ ቁጭ እንድል ነው። እግሬ እንደ ድሮው ብዙ መቆም አይችልም።

እማ